ከፍሎረንስ እስከ ኦርቪዬቶ፦ ከልጆች ጋር በመኪና የአሥር ቀን ጉዞ ዝርዝር መመሪያ

መጀመሪያ ከልጆች ጋር ጣሊያን የሄድነው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። በስምንት ቀን ሚላኖን፣ ቬኒስን፣ ፍሎረንስን፣ ፒሳን፣ ሮምንና ናፖሊን ለማየት አቅደን ነበር። በአራተኛው ቀን ትንሹ መኪና ውስጥ አስመለሰው። ትልቋ ደግሞ አንድ ሙዚየም ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ "አልነሣም" አለች። ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እውነቷን ነው። የቀረውን ዕቅድ ሰርዘን አንድ የገበሬ ቤት ተከራየን። ልጆቹ እስከ ዛሬ የሚያወሩት ስለዚያ የገበሬ ቤት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት በሌላ መንገድ ተመለስን። በቀን አንድ ከተማ ብቻ፣ በከተማው ውስጥም ቆም ብለን የምናየው አንድ ነገር ብቻ። ቀሪው ጊዜ ለመንገዱ፣ ለምሳውና ለጨዋታው። ይህ መመሪያ የተሠራው በዚያ ሐሳብ ላይ ነው። ቦታው ቶስካናና ኡምብሪያ የሚባሉት የጣሊያን ክፍላተ አገር ናቸው። ኮረብታ፣ ወይራ፣ ወይን፣ በየኮረብታው አናት ላይ ደግሞ ግንብ ያለው አሮጌ ከተማ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ደረጃ 1፦ ወቅቱን መምረጥ

ከግንቦት እስከ ሰኔ አጋማሽ፣ ወይም ከመስከረም እስከ ጥቅምት አጋማሽ ሂዱ። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከባድ ነው፤ የድንጋይ ከተማ ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ያቆየዋል። ጣሊያኖች በኦገስት 15 የፍልሰታን በዓል ያከብራሉ፣ ፌራጎስቶ ይሉታል። በዚያ ሰሞን አገሩ በሙሉ ዕረፍት ይወጣል። መንገዱ ይጨናነቃል፣ ብዙ ሱቅም ይዘጋል። የእኛ ጾመ ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሆነ በነሐሴ የሚሄድ ጾመኛ የእነሱ በዓል በጾሙ መሐል ይመጣበታል። ስለ ጾም ምግብ ከታች እመለስበታለሁ።

ትምህርት ቤት ካሰራችሁ የሰኔ መጨረሻን ወይም የበልጉን ዕረፍት ያዙ። እኔ ብመርጥ መስከረምን ነው የምመርጠው። ወይን የሚለቀምበት ወር ነው፣ አየሩ ይለዝባል። የመስቀልን ሰሞን አሬዞ ከተማ ማሳለፍ ምን ማለት እንደሆነም ወደ ኋላ ትረዱኛላችሁ።

ሁለት ቀኖችን በቀይ አክብቡ። ጁላይ 2 እና ኦገስት 16 በሲዬና ፓሊዮ የሚባለው የፈረስ ውድድር የሚካሄድባቸው ቀኖች ናቸው። ዝናው ትልቅ ነው። ነገር ግን አደባባዩ መሐል ያለ ጥላ ለብዙ ሰዓት መቆም አለ፤ ለትንሽ ልጅ አይሆንም።

ደረጃ 2፦ ማደሪያን መወሰን

ለአሥር ቀን ሦስት ማደሪያ ይበቃል። ሻንጣ በየቀኑ መፍታትና መቋጠር ነው ቤተሰብን የሚያደክመው።

ሦስት ሌሊት ፍሎረንስ፣ ያለ መኪና። ሦስት ሌሊት ከሲዬና አጠገብ ገጠር። ሦስት ሌሊት በአሬዞና በኮርቶና መካከል። በአሥረኛው ቀን በኦርቪዬቶ በኩል ወደ ሮም ፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ቤተሰብ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ሮም ይገባል። ከሮም ፍሎረንስ ፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከጀርመን በራሱ መኪና የሚመጣ ደግሞ የኦስትሪያን የመንገድ ተለጣፊ ቀድሞ ይግዛ። ለብሬነር መንገድ ለብቻው እንደሚከፈልም አይዘንጋ።

ገጠር ስትሆኑ አግሪቱሪስሞ የሚባለውን ፈልጉ። በሕግ የታወቀ፣ ገበሬው በእርሻው ላይ እንግዳ የሚያሳድርበት ቤት ነው። ከመያዛችሁ በፊት ግን ጠይቁ። ከአስፋልቱ እስከ ቤቱ ምን ያህል ጠጠር መንገድ አለ? ወጥ ቤት አለው? እራት ያበስላሉ? መዋኛው አጥር አለው? የመጨረሻውን ጥያቄ ትንሽ ልጅ ያለው ወላጅ እንዳይዘለው። ብዙዎቹ መዋኛዎች ወይራ ሥር ክፍት ሆነው የተሠሩ ናቸው።

ማደሪያ ስትገቡ የሁሉንም ፓስፖርት ይመዘግባሉ፣ የሕፃናቱንም ጭምር። በብዙ ከተማ በሰውና በሌሊት የሚታሰብ የጎብኚ ግብርም አለ። ከክፍሉ ዋጋ ውጭ ስለሚከፈል አትደንግጡ።

ደረጃ 3፦ ወረቀትና መኪና

ከኢትዮጵያ ለሚሄድ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ማመልከቻው ብዙ ሌሊት ለምታድሩበት አገር ነው የሚቀርበው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የአሜሪካ ወይም ሌላ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተሰጠ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ዓለም አቀፉን መንጃ ፈቃድ ጨምሮ ይያዝ። ቁልፉን የሚሰጣችሁ ሰው ባይጠይቃችሁም መንገድ ላይ ፖሊስ ይጠይቃል።

መኪናውን የምትወስዱት በአራተኛው ቀን ፍሎረንስን ስትለቁ ነው። ፍሎረንስ ውስጥ መኪና ጭንቀት ብቻ ነው። በሾፌሩ ስም የሆነ ክሬዲት ካርድ ያዙ፤ ዴቢት ካርድን ብዙ ቦታ አይቀበሉም። አውቶማቲክ የምትነዱ ከሆነ በግልጽ ጻፉት፤ ዝም ካላችሁ የሚሰጣችሁ ባለ ካምቢዮ ነው። ትልቅ መኪና አትመኙ። ለአራት ሰው ሻንጣ የሚይዝ የዕቃ ማስቀመጫ ከኋላ ካለው ይበቃል፤ የመንደሩ መንገድ የተሠራው ለአህያና ለጋሪ ነው።

ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል በታች የሆነ ልጅ በሙሉ ለመጠኑ የሚሆን ወንበር ግዴታ ነው። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ መኪና ውስጥ ተረስቶ እንዳይቀር የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ በሕግ ይጠየቃል። ሁለቱንም ከመኪናው ጋር አብራችሁ እዘዙ። ስትረከቡ መኪናውን ዙሪያውን በቪዲዮ ቅረጹት። ሦስት ማዕዘኑ ምልክትና አንጸባራቂው ሰደርያ መኖሩን እዩ።

አባቴ ጋራዥ ይሠራ ስለነበር ይህን መንገድ በልዩ ስሜት ነው የምነዳው። ጎማ ቢተነፍስ የምትፈልጉት ታፔላ "ጎሚስታ" የሚል ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፋኖ፣ ካቻቪቴ፣ ቦሎ፣ ሊብሬ፦ የኛ መካኒክ ቋንቋ ግማሹ ከዚያው የመጣ ነው። አንድ ጊዜ ጎማ ፈንድቶብን አንድ ሽማግሌ ዘንድ ገብተን ነበር። እኔ ጣሊያንኛ አልችልም፣ እሱ ሌላ ቋንቋ አይችልም። ከአባቴ በሰማኋቸው ቃላት ብቻ ተግባባን።

ደረጃ 4፦ መንገዱ ላይ

ከሁሉ በላይ ማወቅ ያለባችሁ ዜድ ቲ ኤል የሚባለውን ነገር ነው። በአሮጌው ከተማ መሐል ፈቃድ የሌለው መኪና የማይገባበት ክልል ነው። መግቢያው ላይ ነጭ መሬት፣ ቀይ ክብ ያለው ምልክት አለ። አጠገቡ ካሜራ አለ። በር የለውም፣ ፖሊስ የለውም፣ ዝም ብላችሁ ትገባላችሁ። እኛ የመጀመሪያው ጊዜ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ማደሪያ ፍለጋ ስንዞር ያንኑ ካሜራ ሦስት ጊዜ አለፍነው። ከወራት በኋላ ሦስት ቅጣት በፖስታ መጣ። መኪናውን ያከራየን ድርጅት ደግሞ አድራሻችንን ለከተማው ስለሰጠ ብቻ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ክፍያ ቆረጠብን።

ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ የሆቴሉን ወይም የአደባባዩን ስም አይጻፍበት። ከግንቡ ውጭ ያለውን የመኪና ማቆሚያ ስም ጻፉ። ሰሌዳው "ቫርኮ አቲቮ" ካለ ክልከላው እየሠራ ነው ማለት ነው፤ አትግቡ። "ኖን አቲቮ" ካለ በዚያ ሰዓት ክፍት ነው። ማደሪያችሁ ክልሉ ውስጥ ከሆነ የሰሌዳ ቁጥራችሁን እንዲያስመዘግቡላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ።

የማቆሚያ መስመሩ በቀለም ይለያል። ነጭ ነፃ ነው፣ አንዳንዱ ግን የሰዓት ገደብ አለው። ሰማያዊ በክፍያ ነው። ቢጫ ለነዋሪ ወይም ለተፈቀደለት ብቻ ነው።

በአውቶስትራዳ ስትገቡ ትኬት ትወስዳላችሁ፣ ስትወጡ ትከፍላላችሁ። ትኬቱን ለልጅ አትስጡ። መውጫው ላይ "ቴሌፓስ" ብቻ የሚለውን ቢጫ መስመር ተዉት፤ ጥሬ ገንዘብ ወይም ካርድ ወደሚቀበለው ሂዱ። ፍጥነቱ በአውቶስትራዳ 130 ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ 110። በዋና የገጠር መንገድ 110፣ በተራው የገጠር መንገድ 90፣ ከተማ ውስጥ 50። ከከተማ ውጭ በቀንም መብራት ይበራል። በአውቶስትራዳው ላይ በሁለት ነጥብ መካከል አማካይ ፍጥነትን የሚለካ ካሜራ ስላለ ካሜራው ጋ ሲደርሱ ብቻ ማቀዝቀዝ አይጠቅምም።

ነዳጅ ላይ ከአሜሪካ የምትመጡ ተጠንቀቁ። "ጋዞሊዮ" ናፍጣ ነው! ቤንዚን "ቤንዚና" ነው። "ሰርቪቶ" የሚለው ጋ ሠራተኛ ይቀዳላችኋል፣ ዋጋው ከፍ ይላል። "ፋይ ዳ ቴ" ራስህ ቅዳ ማለት ነው።

ከፍሎረንስ ሲዬና ሁለት መንገድ አለ። ፈጣኑ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ሁለተኛው ኪያንቲጃና የሚባለው ነው፤ በወይን እርሻው መሐል በግሬቬና በካስቴሊና በኩል ይጠማዘዛል። ውብ ነው። መኪና የሚያዞረው ልጅ ካላችሁ ግን ግማሹን ብቻ ሂዱበት። ሆዱ ባዶ እንዳይሆን ደረቅ ዳቦ ስጡት፣ ስልክ አታስይዙት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ቁሙ። እኛ ይህን ካወቅን በኋላ ማንም አላስመለሰውም።

ደረጃ 5፦ ፍሎረንስ፣ ሦስት ቀን በእግር

በመኪና የመጣችሁ ከሆነ ቪላ ኮስታንዛ የሚባለው ማቆሚያ ያድናችኋል። በቀጥታ ከአውቶስትራዳው ትገባላችሁ፣ መኪናውን ትታችሁ በትራም ከተማው መሐል ትወርዳላችሁ።

በመንግሥት ሙዚየሞች ከ18 ዓመት በታች መግቢያ ነፃ ነው። ቢሆንም ለኡፊዚና ለአካዴሚያ ቦታና ሰዓት ቀድማችሁ ያዙ። ሁለቱም ሰኞ ዝግ ናቸው። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ለሁሉም ነፃ ነው፣ ሰልፉ ግን ለልጅ አይሆንም።

በቀን አንድ ነገር። የመጀመሪያው ቀን አካዴሚያ ያለውን የሚኬላንጄሎን የዳዊት ሐውልት እዩ። ቁመቱ 5.17 ሜትር ነው። ሌሎች ጀምረው በተዉት እብነ በረድ ላይ ከ1501 እስከ 1504 የጠረበው ነው፤ ሲጀምረው ገና 26 ዓመቱ ነበር። ልጆቹን "ጎልያድ የት አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። የኔዋ ለረጅም ጊዜ ከዞረችው በኋላ "ገና አልመጣም፣ እያየው ነው" አለች። ሁለተኛው ቀን ዱዎሞ የሚባለው የካቴድራሉ ጉልላት። ብሩኔሌስኪ ከ1420 እስከ 1436 ያቆመው ነው። 463 ደረጃ አለው፣ ሊፍት የለም፣ ሰዓት ተይዞ ነው የሚወጣው። ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ካላችሁ አንዱ ወላጅ ታች ይቆይ። ሦስተኛው ቀን ኡፊዚ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያልበለጠ።

ለልጆቻችሁ የምትነግሩት አንድ ታሪክ ልጨምር። በ1441 ኢየሩሳሌም ካለው የኢትዮጵያ ገዳም የተላኩ መነኮሳት እዚህ ከተማ መጥተው ነበር። በፍሎረንሱ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ተገኝተዋል። ዘመኑ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ጉልላቱ ከተጠናቀቀ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ጣሊያንን በዓድዋና በአምስቱ ዓመት ብቻ ለሚያውቅ ልጅ ይህም መታወቅ አለበት። ያኛውም አይረሳ፣ ይኸኛውም አይቅር።

ደረጃ 6፦ ሲዬናና የሥዕሉ ገጠር

በአራተኛው ቀን ወደ ገጠሩ ቤት ስትሄዱ ሳን ጂሚኛኖ ላይ ቁሙ። በአንድ ወቅት 72 ማማ ነበረው ይባላል፤ ዛሬ የቆሙት 14 ገደማ ናቸው። ልጆቹ ይቁጠሩ። ከአሥር ሰዓት በኋላ የአውቶቡስ ጎብኚ ሲቀንስ መግባቱ ይሻላል።

በአምስተኛው ቀን ሲዬና። ሳንታ ካተሪና የሚባለው ማቆሚያ ላይ አቁሙ፤ ከዚያ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ሽቅብ ያወጣችኋል። ጋሪ ለሚገፋ ወላጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሬዞ፣ ኮርቶና፣ አሲዚና ኦርቪዬቶም እንዲህ ያለ ደረጃ ስላላቸው ማቆሚያ ስትመርጡ "ስካላ ሞቢሌ" የሚለውን ፈልጉ።

ሲዬና 17 ሰፈር አላት። ቀንድ አውጣ፣ ጃርት፣ ኤሊ፣ ንስር፣ ቀጭኔ፣ ዝይ፣ ጉጉት እያለ እያንዳንዱ ምልክቱ በየግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይታያል። ልጆቹ ወረቀት ይዘው ያገኙትን ይሳሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳያጉረመርሙ ሄደዋል።

ከዚያ የከተማው አስተዳደር በነበረው ቤተ መንግሥት (ፓላዞ ፑብሊኮ) ውስጥ የሠዓሊውን የአምብሮጆ ሎሬንዜቲን የግድግዳ ሥዕል አሳዩአቸው። በ1338 እና 1339 የተሳለ ነው፤ እኛ ዘንድ አምደ ጽዮን በነገሡበት ዘመን ማለት ነው። መልካም አስተዳደርና ክፉ አስተዳደር ለከተማና ለገጠር ምን እንደሚያመጡ ያሳያል። በመልካሙ በኩል ሰው ይጨፍራል፣ ቤት ይሠራል፣ ገበሬ እህል ይወቃል። በክፉው በኩል ቀንድ ያለው ጨቋኝ ዙፋን ላይ ተቀምጧል። ልጆቹ ነጭ ቀበቶ ያለውን አሳማ ይፈልጉ፤ አለ። ሥዕሎቹ ጥገና የሚደረግላቸው ጊዜ ስላለ ከመሄዳችሁ በፊት ክፍሉ ክፍት መሆኑን እዩ።

በስድስተኛው ቀን መኪናችሁን ይዛችሁ ቫል ዶርቻ ወደሚባለው ሸለቆ ውረዱ። ከፒዬንዛ ግንብ ላይ ቆማችሁ ስታዩ ያው የሎሬንዜቲ ኮረብታ ፊታችሁ ተዘርግቷል። ለስላሳ፣ የታረሰ፣ ጥድ የቆመበት። ልጄ "ሥዕሉ ውስጥ ገባን" ያለችው እዚያ ነው። ፒዬንዛ በዚያች መንደር የተወለዱት የሮሙ ሊቀ ጳጳሳት ፒዮስ ሁለተኛ ከ1459 ጀምሮ እንደ አዲስ ያሠሯት ናት። በእግር አንድ ሰዓት ትበቃለች። የበግ ወተት አይቧን ቅመሱ። ከዚያ ባኞ ቪኞኒ ሂዱ፤ በአደባባዩ ፋንታ የሚሞቅ የፍልውሃ ገንዳ ያለበት መንደር ነው። ገንዳው ውስጥ መዋኘት አይፈቀድም፣ በታች በኩል በሚፈሰው ውሃ ግን ልጆች እግራቸውን ይነክራሉ።

ደረጃ 7፦ ምሳ፣ እራትና ጾም

ምሳ ከቀኑ 6፡30 እስከ 8፡30 ነው (በእነሱ ሰዓት ከ12፡30 እስከ 14፡30)። ካለፈ ወጥ ቤቱ ይዘጋል፣ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል የሚበስል ነገር የለም። ብዙ ቤተ ክርስቲያንና ሱቅም በዚያው ሰዓት ይዘጋል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላውን ለእንቅልፍና ለመዋኛ ተዉት። መኪና ውስጥ ሁልጊዜ ዳቦ፣ ፍራፍሬና ውሃ ይኑር። የቶስካና ዳቦ ጨው የለውም፣ ልጆቹ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ።

ሒሳቡ ላይ "ኮፔርቶ" የሚል በሰው የሚቆጠር ጥቂት ዩሮ ታያላችሁ፤ የተለመደ ነው። ቡና ባንኮኒው ጋ ቆሞ ሲጠጣ ርካሽ ነው። "ማኪያቶ" ካላችሁ የሚመጣው ጠብታ ወተት የነካው ትንሽ ቡና ነው። የአዲስ አበባውን የሚመስለውን የምትፈልጉ ካፑቺኖ እዘዙ። "ላቴ" ብትሉ ደግሞ ባዶ ወተት ይመጣል፣ ለልጆቹ ይሆናል።

አሁን ስለ ጾም። ቶስካና የድሃ ገበሬ ምግብ ያላት አገር ስለሆነች ለጾመኛ ትመቻለች። ፓፓ አል ፖሞዶሮ የደረቀ ዳቦ በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የተፈረፈረ ነው፤ ለኛ ፍርፍር ነው። ሪቦሊታ ጎመንና ቦሎቄ በዳቦ ነው። ቼቺና የሽምብራ ዱቄት በውሃና በዘይት ተለውሶ በምድጃ የሚጋገር ቂጣ ነው። ፒቺ አላልዮኔ ወፍራም ፓስታ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት ነው። ፒዛ ማሪናራ አይብ የለውም። ሾርባው በሥጋ መረቅ እንዳይሆን ግን ጠይቁ፤ ፓስታውም እንቁላል እንዳይገባበት። "ሴንዛ ካርኔ፣ ሴንዛ ፎርማጆ፣ ሴንዛ ኡዎቫ፣ ሴንዛ ቡሮ" በሉ። ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ቅቤ ማለት ነው። ማንም ቅር አላለውም፤ አንዲት ባለቤት እንዲያውም ለቤተሰባችን ብቻ ድስት ጣደች።

ደረጃ 8፦ አሬዞ፣ ሁለቱ ንግሥቶች

ከጉዞው አንድ ቀን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የምመርጠው ይህን ነው። በአሬዞ ሳን ፍራንቼስኮ ቤተ ክርስቲያን፣ ከመሠዊያው ጀርባ፣ ፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካ የእውነተኛውን መስቀል ታሪክ በግድግዳው ሙሉ ስሎታል። ሥራው ከ1452 ገደማ ጀምሮ የ1460ዎቹ አጋማሽ ድረስ ያለ ነው። እኛ ዘንድ ዘርዓ ያዕቆብ ስለ መስቀሉ ያስተምሩና ያጽፉ የነበረው በዚያው ጊዜ ነው። ግማደ መስቀሉን ግሸን ያኖሩት እሳቸው እንደሆኑም በቤተ ክርስቲያናችን ይታመናል። ሁለቱ አገሮች ስለ አንድ ታሪክ በአንድ ዘመን ሲደክሙ ነበር።

ቦታ በሰዓት ይያዛል፣ በጥቂት ሰው በጥቂት ደቂቃ ነው የሚገባው። የሩቅ ማያ መነጽር ያዙ፤ የላይኛው ሥዕል ሩቅ ነው። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ታሪኩን ለልጆቹ ንገሯቸው፣ ምክንያቱም ሥዕሉ በቅደም ተከተል አልተቀመጠም። በቀኝ ግድግዳ ከላይ ጀምሩ። አዳም ይሞታል፤ ልጁ ሴት ከገነት የመጣ የዛፍ ቅርንጫፍ በመቃብሩ ይተክላል። ዛፉ አድጎ በሰሎሞን ዘመን ይቆረጣል፣ ድልድይም ይሆናል። ከዚያ ሥር ንግሥተ ሳባ ትመጣለች። ግንዱን ስታይ ምን እንደሚሆን ይገለጥላትና ትንበረከካለች። ቀጥሎ ከሰሎሞን ጋር እጅ ለእጅ ትያያዛለች።

ከዚያ ዞር በሉ። በግራው ግድግዳ በዚያው ከፍታ ላይ ንግሥት እሌኒ አለች። ሦስቱ መስቀሎች ከመሬት ይወጣሉ፤ የጌታችን የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው የሞተውን ወጣት ሲያስነሣ ነው። ሳባና እሌኒ ፊት ለፊት ናቸው። አንዷ እንጨቱን መስቀል ከመሆኑ በፊት ታያለች፣ ሌላዋ ከተቀበረበት ታወጣዋለች። ደመራ ሲለኮስ ያደገ ሰው እዚያ መሐል ሲቆም ምን እንደሚሰማው መናገር ያቅተኛል። እኔ አልቅሻለሁ።

ልጄ ግን ጥያቄ ነበራት። "ሳባ የኛ አይደለችም እንዴ? ለምን ነጭ ሆነች?" ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አትሸሹት። እሌኒ መስቀሉን የምታወጣበትን ከተማ አሳየኋት። ኢየሩሳሌም መሆኗ ነው፤ ግን የተሳለችው አሬዞን መስላ ነው። ፒዬሮ የሚያውቀውን ሰውና የሚያውቀውን ከተማ ሳለ። የኛም ሠዓሊዎች እመቤታችንን በኛ ሴት መልክ ይስሏት የለ? ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተን ሥዕሉ ላይ ያለውን ቤት ከተማው ውስጥ ስንፈልግ ዋልን።

በማግስቱ ሞንቴርኪ ሂዱ፣ ግማሽ ሰዓት ነው። የዚያው የፒዬሮ እጅ ሥራ የሆነች ነፍሰ ጡር ማርያም አለች፣ እጇ ሆዷ ላይ ነው። ሁለት መላእክት ግራና ቀኝ መጋረጃውን ይገልጣሉ። ሙዚየሙ ትንሽ ነው፣ ከእሷ ሌላ ብዙ የሚታይ የለም፤ ለልጆች ከኡፊዚ ይሻላል። ጊዜና ጉልበት ካላችሁ አሲዚን በዚያው ሰሞን ጨምሩ። የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተ ክርስቲያን ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይፈልጋል፤ ነጠላ ካላችሁ ያዙ።

ደረጃ 9፦ ኦርቪዬቶና የመኪናው መመለስ

በመጨረሻው ቀን ኦርቪዬቶ ላይ ምሳ ብሉ። ካምፖ ዴላ ፊዬራ አቁማችሁ በተንቀሳቃሽ ደረጃው ውጡ። ልጆቹን የቅዱስ ፓትሪክ ጉድጓድ ውስጥ አስወርዷቸው። ጥልቀቱ ከ50 ሜትር በላይ ነው፣ 248 ደረጃ ይወርዳል። የሚወርደው መንገድና የሚወጣው መንገድ እንደ ጠመዝማዛ ገመድ ስለሚሄዱ አይገናኙም። የተሠራው ውሃ የሚቀዱ በቅሎዎች እንዳይጋጩ ነው። በየመስኮቱ የወረደው ለወጣው እጁን ያወዛውዛል።

ከዚያ እስከ ፊውሚቺኖ ሁለት ሰዓት ያህል ያዙ፣ ለነዳጅና ለርክክብ ደግሞ አንድ ሰዓት ጨምሩ። ታንከሩን ሙሉ፣ ደረሰኙን ያዙ። መኪናውን እንደ ወሰዳችሁት ዙሪያውን ቅረጹ፣ የነዳጁንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥርም። የወንበሩን ሥር ፈትሹ፤ የኛ ልጅ የሲዬናን ምልክቶች የሳለበትን ወረቀት እዚያ ነው ያገኘነው። የትራፊክ ቅጣት ውጭ አገር ለሚኖር ሰው እስከ 360 ቀን ድረስ ሊላክ ይችላል። በአምስት ቀን ውስጥ ከተከፈለ ብዙ ጊዜ 30 በመቶ ይቀነሳል። ስለዚህ ውሉን፣ ደረሰኙንና ቪዲዮውን አንድ ዓመት ከምናምን አትጣሏቸው።